የሐይቅ እስጢፋኖስ ቀይ ቡኒ አይደለም

«ጋሼ፣ ቀለሙ የተበላሸብዎት ስልክዎ ርካሽ ስለሆነ ነው።»

ስልኬን ተወው። ያንኑ ፋይል በራስህ ላፕቶፕ ላይ በሁለት ማጫወቻ ጎን ለጎን ክፈተው፤ አንዱን በቪኤልሲ፣ አንዱን በክሮም። ቀዩ እዚህ ደምቆ እዚያ ደክሞ ከታየህ ስክሪኑ ምን አጠፋ? ስክሪኑ አንድ፣ ክፍሉ አንድ፣ የሚያየውም ዓይን አንድ ነው። የተለየው ማጫወቻዎቹ ፋይልህን ያነበቡበት መንገድ ነው። በተለያየ መንገድ ያነበቡትም አንተ እንዴት እንደሚነበብ ሳትጽፍበት ስለላክኸው ነው።

ይህን የምለው ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ካሜራ አንግቦ ሐይቅ ከተማ ወርዶ የእስጢፋኖስን ገዳም ብራናና ሥዕል ለሚቀርጸው፣ መስከረም 21 ሲደርስ ከምእመኑ ጋር ግሸን ማርያም ለሚወጣው የቪዲዮ ልጅ ሁሉ ነው። ድካማችሁን አውቃለሁ። ዳገቱን በእግር ወጥታችሁ፣ ሌሊቱን ቆማችሁ የቀረጻችሁት ምስል በመጨረሻዋ ደቂቃ፣ «ኤክስፖርት» የምትለዋን ቁልፍ ስትጫኑ ሲበላሽ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

«ኮምፕረስ ከተደረገ እኮ ቀለም መሄዱ አይቀርም። ካልተጨመቀ ደግሞ ማን ያወርደዋል? ዳታ ውድ ነው።»

መጭመቁንማ ማን ከለከለህ? አንድ ፉል ኤችዲ ምስል 1920 በ1080 ነው፤ ከ2 ሚሊዮን በላይ ፒክስል። ለያንዳንዱ ፒክስል ሦስት ባይት ይዘህ በሰከንድ 25 ምስል ብታስኬድ አንዷ ደቂቃ ብቻ 9 ጊጋባይት ታልፋለች። ያንኑ በሰከንድ 5 ሜጋቢት ብትጨምቀው ደቂቃዋ ወደ 37 ሜጋባይት ተኩል ትወርዳለች። 250 እጥፍ ያህል ቀነስህ ማለት ነው። ኤች 264 እ.ኤ.አ. በ2003 ወጥቶ ይህን ባይችልልን ኖሮ የሐይቅን ቪዲዮ ጂዳ ያለችው የወሎ ልጅ በስልኳ አታየውም ነበር። እኔም የመጭመቅ ወዳጅ ነኝ።

ግን ምን እንደሚወሰድብህ እወቅ። የሰው ዓይን ብርሃንና ጥላን በደቂቁ ይለያል፣ የቀለምን ልዩነት ግን ያን ያህል አይከታተልም። ስለዚህ ቪዲዮው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ተብሎ አይቀመጥም። አንድ የብርሃን ቁጥርና ሁለት የቀለም ቁጥር ሆኖ ይጻፋል። ከዚያ አራት ፒክስሎች ለየራሳቸው የብርሃን ቁጥር ይሰጣቸውና የቀለም ቁጥሮቹን አራቱ በጋራ ይይዛሉ። አሥራ ሁለት የነበረው ቁጥር ስድስት ሆነ፤ ገና ዋናው መጭመቅ ሳይጀመር ግማሹ ሄደ። በፊት ላይ፣ በሜዳ ላይ፣ በሐይቁ ውኃ ላይ ይህ አይታወቅም።

ብራና ላይ ግን ይታወቃል። ጠጋ ብለህ እየው። የግእዝ ጸሐፊ ሐተታውን በጥቁር ይጽፍና የእመቤታችንን ስም፣ የቅዱሳኑን ስም በቀይ ያወጣዋል። ገጹን በሙሉ ከሩቅ ከቀረጽኸው የአንዷ ፊደል እግር በምስልህ ላይ ሁለት ፒክስል ብትሰፋ ነው። ያቺ ቀጭን ቀይ መስመር የቀለም ቁጥሯን ከጎኗ ካለው ብራና ጋር ትካፈላለች፤ ትደበዝዝና ቡኒ ትመስላለች። ጥቁሩ ፊደል ይድናል፣ ምክንያቱም ጥቁር በብርሃን ቁጥሩ ብቻ ይለያል። የሚቀልጠው ቀዩ ነው። ጸሐፊው ለይቶ ያከበረውን ስም ከሌላው ጽሑፍ አስቀድመህ አጠፋህበት ማለት ነው። መድኃኒቱ ቅርብ ነው፦ ገጹን አንዴ በሙሉ አሳይና ከዚያ ፊደሉ እስኪሰፋ ተጠጋ። የቀይዋ እግር አሥር ፒክስል ከሞላች ማንም ጨማቂ አይበላትም።

እንግዲህ መጭመቅ ዝርዝርን ይወስዳል። ጠርዝ ያደበዝዛል፣ ጥላን ያቦካል። ቀዩን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ማጨለም፣ ቢጫውን ሁሉ ወደ አረንጓዴ መጎተት ግን የመጭመቅ ሥራ አይደለም። እሱን ያመጣኸው አንተ ነህ።

«እኔማ ምንም አልነካሁም! ፋይሉን ኮምፒውተሩ ራሱ ያውቀዋል።»

አያውቀውም፤ ይገምታል። ጥፋቱም ያለው «ምንም አልነካሁም» ባልኸው ላይ ነው። የብርሃኑንና የቀለሙን ቁጥር መልሶ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ለማድረግ የማባዣ ሰንጠረዥ ያስፈልጋል። በሥራ ላይ በብዛት ያሉት ሁለት ናቸው። ቢቲ 601 እ.ኤ.አ. በ1982 ለያኔው ቴሌቪዥን የወጣ ነው፤ ቢቲ 709 ደግሞ በ1990 ለኤችዲ። በመጀመሪያው ሰንጠረዥ ቀይ ከብርሃኑ ውስጥ ያለው ድርሻ 0.299 ነው፣ በሁለተኛው 0.2126። የአረንጓዴው 0.587 እና 0.7152 ነው። በ709 ጽፈህ ማጫወቻው በ601 ቢያነበው 255 የነበረው ሙሉ ቀይ 233 ገደማ ሆኖ ይወጣል። አረንጓዴው ከልኩ በላይ ይነጣል፤ ቢጫው ወደ አረንጓዴ ያዘነብላል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ላይ ቢጫው የት እንዳለ ታውቃለህ፤ የቅዱሳኑ አክሊል ላይ ነው።

ደግሞ ልብ በል። ፋይሉ ላይ ሰንጠረዡ ካልተጻፈበት ብዙ ማጫወቻዎች የሚገምቱት በምስሉ መጠን ነው፤ ትልቅ ከሆነ 709፣ ትንሽ ከሆነ 601 ይላሉ። አንተ ደግሞ ለሰው ዳታ ልቆጥብ ብለህ 1080 የነበረውን 480 አድርገህ ትልካለህ። ሐሳብህ ደግ ነው፤ ግን መጠኑን ስታሳንስ ግምቱንም ገለበጥኸው። ለዚህ ነው ትልቁ ፋይል ደህና ሆኖ ትንሹ «ቀለሙን የቀየረው»። ድሀው ተመልካች፣ አነስተኛውን ፋይል የሚያወርደው፣ የተሳሳተውን ቀለም እሱ ይቀበላል። እኔን ያናደደኝም ይኸው ነው።

የአምባሰል ልጅ ይህን ለመረዳት ኢንጂነር መሆን አያሻውም። የአምባሰልን ቅኝት አምስቱን ድምፆች ያዝና አንዱንም ሳትለውጥ መነሻህን ሦስተኛው ላይ አድርገው። ግማሽ ትዝታ ሆኖ ታገኘዋለህ። ድምፆቹ ያው አምስቱ ናቸው፤ ቤቱ የት እንደሆነ ያልተነገረው ሰው አምባሰል ሲሰጡት ትዝታ ይሰማል። ቁጥሮችህም እንደዚያ ናቸው። ትክክል ናቸው፣ ግን መነሻቸውን አልተናገርህም።

«ማክ ላይ ስከፍተው ነጣብኝ። ጥፋቱ የማክ ነው።»

ረጋ በል፤ ሁለት የተለያየ ሕመም ነው የያዝኸው። መጀመሪያ ጥቁሩን እይ። የቪዲዮ ደንብ ጥቁርን 16 ላይ፣ ነጭን 235 ላይ ያስቀምጣል። የኮምፒውተር ምስል ደግሞ ከ0 እስከ 255 ይሄዳል። ቪዲዮው 16 ላይ የጀመረ ሆኖ ማጫወቻው ከ0 ነው ብሎ ካነበበው የመነኩሴው ጥቁር ቀሚስ አመድ ይለብሳል። ተገላቢጦሹ ከሆነ ደግሞ ጥላው ሁሉ ተጨፍልቆ አንድ ጥቁር ይሆናል። ይህ ሕመም ማክንም ዊንዶውስንም ይይዛል።

ጥቁሩ ደህና ሆኖ መሐለኛው ብርሃን ብቻ ከነጣ ጉዳዩ ጋማ ነው። ቪዲዮ የሚታይበትን የብርሃን ኩርባ ቢቲ 1886 የሚባለው እ.ኤ.አ. የ2011 ደንብ 2.4 ይለዋል፤ ብዙ የኮምፒውተር ስክሪን 2.2 ላይ ይሠራል፤ ማክ ደግሞ 709 የሚል መለያ ሲያገኝ 1.96 ገደማ አድርጎ ያነበዋል። ስለዚህ ማክ መለያህን ችላ አላለም፤ በራሱ መንገድ አክብሮ ነው ያሳየህ። በማክ የምትሠራ ከሆነ ይህን አስቀድመህ እወቅና ሥራህን በማክ ማጫወቻ ብቻ አትዳኘው።

«እንግዲያውስ ለማኩ ጠቆር አድርጌ ልላከው።»

አታድርገው! ለአንዱ ብለህ ያጠቆርኸው ለሌላው ሁሉ ጨለመ። ተመልካቹ አብዛኛው አንድሮይድ የያዘ ነው፣ ፀሐይ ላይ ቆሞ የሚያይ። ደግሞ የምትቀርጸው በጧፍና በሻማ ብርሃን ነው። ጨማቂ ባይት ሲያጥረው መጀመሪያ የሚቆጥበው ከጨለማው ነው፤ ከጥላ ውስጥ ምንም አይጎድልበትም ብሎ ያምናልና። የእኛ ሰው ፊት ደግሞ ያለው እዚያው ጥላ ውስጥ ነው። ጠቆር ባደረግኸው ላይ ጨማቂው ሲጨምርበት የዲያቆኑ ጉንጭ አራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ይሆናል፣ ነጭ ልብሱ ብቻውን ቆሞ ይቀራል። በሻማ ለተቀረጸ ምስል በዛ ያለ ባይት ስጠው እንጂ ብርሃኑን አትቀማው። በ10 ቢት መጭመቅ የሚችል ፕሮግራም ካለህ ለጥላው እሱ ይበልጥ ይሻላል።

«እኔ በአይፎን ነው የቀረጽኩት፤ ጥራቱ ሌላ ነው።»

ጥራቱንስ አልክድም። ከአይፎን 12 ጀምሮ ግን፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ፣ ስልኩ ኤችዲአር በርቶ ይመጣል፤ ብርሃኑና ቀለሙ ከተራ ስክሪን በላይ ለሆነ ስክሪን ነው የሚጻፈው። ያንን እንዳለ ወስደህ በተራ የኤዲት ፕሮግራም ብታስገባውና ሳትቀይረው ብትልከው አንዱ ጋ የታጠበ ጨርቅ ይመስላል፣ አንዱ ጋ ሰማዩ ይነድዳል። ወይ ስትቀርጽ ኤችዲአሩን አጥፋው፣ ወይ ስትጨርስ በደንቡ ወደ 709 ለውጠው።

«ግን ስክሪን ሁሉ እኮ አንድ አይደለም። ለየትኛው ብዬ ልሥራ?»

ይህ ጥያቄ ልክ ነው፤ የምመልስህም በአክብሮት ነው። ርካሽ የላፕቶፕ ስክሪን ብዙ ጊዜ ኤስአርጂቢ ከሚባለው የቀለም ክልል 60 በመቶ ገደማውን ብቻ ያሳያል። ውዱ ስልክ ከዚያ ክልል አልፎ ይሄዳል። የሰውየውን ስክሪን ልትቀይርለት አትችልም። ልታደርግ የምትችለው ከእጅህ የሚወጣው ቁጥር ትክክል፣ መለያውም የተሟላ እንዲሆን ነው። ያኔ ደካማው ስክሪን የሚችለውን ያህል ያሳያል፣ ጥሩውም ሙሉውን። ቁጥሩ ከመነሻው ከተሳሳተ ግን የዓለም ውድ ስክሪን ስሕተቱን አጥርቶ ከማሳየት ሌላ ምን ያደርጋል?

«በድሮ ጊዜ በጥቁርና ነጭ ይቀረጽ አልነበር? ማን ተጎዳ?»

ጥሩ ቦታ ላይ ነካኸኝ። ሐይቅ እስጢፋኖስ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ያቀኑት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖት የተማሩበት፣ አበምኔቱ ዐቃቤ ሰዓት ተብሎ በቤተ መንግሥት ይከበርበት የነበረ ገዳም ነው። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ የሰጡት አራቱ ወንጌል እ.ኤ.አ. የ1280 ወይም የ1281 ዓመት ነው፤ ዘመናቸው ከታወቀ ባለሥዕል የኢትዮጵያ ብራናዎች ከቀደምቶቹ አንዱ ሲሆን የራሳቸውም ሥዕል በውስጡ አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረና ይህ ወንጌል ቁጥር 1832 ሆኖ ተመዘገበ። ቅጂው በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ይገኛል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለዓመታት ሲዘረዝሩት የኖሩት ያንን ክምችት ነው። ፊልሙ በአብዛኛው ጥቁርና ነጭ ነበር። ያኔ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ራሱ ጥቁርና ነጭ ነበር።

ማንም አልተጎዳም ትለኛለህ። አዎ፣ ለጽሑፉ ታላቅ ውለታ ዋለ። ቀለሙን ግን አላሳየም፤ አሳያለሁም አላለም። ያን ፊልም ያየ ተማሪ የአክሊሉ ቀለም ምን እንደሆነ እንደማያውቅ ያውቃል። ያንተን ቪዲዮ ያየ ግን አወቅሁ ብሎ ነው የሚሄደው። ጥቁርና ነጩ ያልነገረውን አንተ አሳስተህ ነገርኸው። አንድ ተማሪ ነገ የወሎን ሥዕል ከጎንደሩ ጋር ሊያነጻጽር ቢነሣ፣ ቀዩ ከምን እንደተቀመመ ሊገምት ቢሞክር፣ በእጁ ያለው ያንተ 233 ነው።

«ልጄ፣ እኔ ምኑንም አላውቀው፤ ገዳሙን በስልክ አየሁት፣ ይበቃኛል።»

እናቴ፣ ለእርስዎ ነው የምሟገተው። ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሴት አትገባም። ወንዱ ቀለሙን ቢጠራጠር ተነሥቶ ሄዶ ያያል። እርስዎ ግን ሥዕሉን የሚያውቁት በዚህች ስልክ በመጣልዎት ልክ ነው። የተሳሳተ ቢመጣልዎት ማረሚያ የለዎትም። ስለዚህ «ይበቃኛል» አይበሉ፤ ትክክለኛውን አምጣ ይበሉት!

«ተሸነፍኩ ጋሼ። እሺ፣ ምን ላድርግ?»

መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቅ፤ ብራና ላይ ፍላሽ አታብራ። መብራቱን አንድ ዓይነት አድርገው፤ በመስኮት የሚገባው የቀን ብርሃንና የሻማው ብርሃን አንድ ገጽ ላይ ከተገናኙ በኋላ የሚያስታርቃቸው የለም። ሃያ አራት ካሬ ያለውን የቀለም ሰሌዳ ከመጽሐፉ ጎን አስቀምጠህ ጥቂት ሰከንድ ቅረጽ። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ ፎቶ አንሺው ሁሉ የሚያውቀው ሰሌዳ ነው፤ ካለው ሰው ተዋሰው። ነጠላህን ነጭ ነው ብለህ አትለካበት፤ የልብስ ሳሙናው ነጩን ሰማያዊ የሚያደርግ ነገር አለበት።

ኤዲት ስትጨርስ ሦስት መለያ ጻፍበት፦ የቀለሙን ክልል፣ የብርሃኑን ኩርባ፣ የማባዣውን ሰንጠረዥ። ሦስቱንም 709 በል። ከ16 እስከ 235 መሆኑንም ጨምርበት። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ላይ ኤክስፖርት ስታደርግ መለያዎቹን የምትመርጥበት ቦታ አለው፤ ኤፍኤፍኤምፔግ የሚጠቀምም በትእዛዙ ይጽፈዋል። መለያው ምስሉን አይነካም፣ የሚጨምረውም ጥቂት ባይት ነው። ወደ 480 ስታሳንሰውም ያንኑ መለያ ደግመህ ጻፍ፤ ግምት እንዳይገባበት። ቴሌግራም ላይ ስትልክ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ላከው፤ እንደ ቪዲዮ ከላክኸው መተግበሪያው መልሶ ይጨምቀዋል። ከመልቀቅህ በፊት በአንድ አንድሮይድ፣ በአንድ ዊንዶውስ፣ ከተገኘም በአንድ ማክ ክፈተውና በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ሰሌዳ በእጅህ ካለው ሰሌዳ ጋር አስተያይ።

«ይህ ሁሉ ለሦስት ደቂቃ ቪዲዮ?»

ሦስት ደቂቃዋ ካንተ ስልክ ወጥታ በሺህ ስልክ ትዞራለች፤ ስትዞር ደግሞ እየተጨመቀች ነው። ዋናውን ፋይል ያልተጨመቀውን፣ ከነሰሌዳው፣ በሃርድ ዲስክ አድርገህ ለገዳሙ አስረክብ። ከዓመታት በኋላ የተሻለ ጨማቂ ሲመጣ ከዚያ ይነሣሉ እንጂ ከቴሌግራም ላይ አይለቅሙም።

«ሃርድ ዲስኩን ማን ይገዛል?»

ለአዲስ ሌንስ ያስቀመጥኸው ገንዘብ።